ለሃም ሬዲዮ ፈተና ሽምደዳ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ ስለ አማተር ሬዲዮ ላይሰንስ የወጣችውን ደብዳቤ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ጸሐፊው ወንድማችን ነገሩን ማንሳቱ ደስ ብሎኛል፣ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ሃም ሬዲዮ የሚል ቃል ማየት ራሱ ብርቅ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ላይ አልተግባባንም። አንደኛ የላይሰንሱን ፈተና መልሶች በሁለት ዊክኤንድ ሸምድዶ ገብቶ መውጣት ነው ያለው፣ ሁለተኛ ደሞ ኢንጂነሪንግ ላልተማረ ሰው ከዛ ውጪ መንገድ የለውም ያለው። ሁለተኛው ነው ይበልጥ ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ስንት ሰው እሱን አንብቦ ገጹን እንደገለበጠው ይታየኛል።

እኔ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ ነጂ ነኝ። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ፊዚክስ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም፣ ላይሰንሱን ግን ካወጣሁ ቆየሁ፣ አሁን ደሞ ቅዳሜ ማታ ማታ እቤት ከሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ጋር ለፈተናው እናጠናለን፣ እናቶችም አሉ ልጆችም አሉ። ስለዚህ የምናገረው ካየሁት ተነስቼ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልበል። አማተር ሬዲዮ፣ ሃም ሬዲዮም ይሉታል፣ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለራስህ፣ ለመማር፣ ለወዳጅነት እና ችግር ሲመጣ ለመረዳዳት የምትነጋገርበት ሬዲዮ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል መንግስቱ የመገናኛ ኮሚሽን ነው፣ ደረጃው ሶስት ነው፣ ቴክኒሺያን፣ ጄኔራል እና ኤክስትራ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከቴክኒሺያን ነው። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ ምርጫ ነው፣ ኤ ቢ ሲ ዲ፣ 26 ያገኘ አለፈ። ሞርስ ኮድ ድሮ ቀርቷል፣ ይሄን የምለው አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ቲክ ቲክ የሚለውን ሳልማር እንዴት ይሆናል ስለሚሉኝ ነው፣ ከፌብሩዋሪ 23 2007 ጀምሮ ለየትኛውም ደረጃ አይጠየቅም፣ ለፍቅሩ ካልሆነ በስተቀር።

አሁን ዋናው ነገር። የጥያቄዎቹ ፑል፣ ማለትም ፈተናው የሚወጣበት የጥያቄ ክምችት፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሚስጥር የለውም፣ ከ400 በላይ ጥያቄ ከነመልሱ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው ከዛው ላይ ቃል በቃል ነው። ማትሪክ ላይ ሺት ወጣ ሲባል ስንባንን ለኖርነው ሰዎች ይሄ የማይታመን ነገር ነው መሰለኝ፣ አንዷ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስነግራቸው ልጄ ይሄ ነገር ወንጀል አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም። ሆን ብለው ነው ያደረጉት። ወንድማችንም ሽምደዳ ያለው ከዚህ የተነሳ ነው፣ መልሱ ካለ ምን ታስባለህ ነው ነገሩ።

ግን የፑሉን አሰራር ልብ በሉ። አስር ክፍል አለው፣ አስሩ ክፍል ደሞ በጠቅላላው 35 ንዑስ ክፍል ውስጥ ተከፋፍሏል፣ ከእያንዳንዱ ንዑስ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመጣው፣ አይበልጥም አያንስም። ሕጉ ብቻውን 6 ጥያቄ ይይዛል፣ የአነጋገር ስርዓቱ 3፣ ሴፍቲ 3፣ ሰው የሚፈራው የኤሌክትሪክ ሂሳብ ያለበት ክፍል ግን 4 ብቻ ነው። እስቲ አስሉት፣ 9 ጥያቄ ስታችሁም ታልፋላችሁ፣ ያ ማለት አራቱንም የሂሳብ ክፍል ጥያቄዎች አንድ ሳይቀር ብትሳሳቱ ገና 5 ይቀራችኋል። ታዲያ ኢንጂነር ካልሆንክ አትሞክረው የሚባለው ከየት መጣ? ያውም ሂሳቡ የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ነው፣ ካልኩሌተርም ይፈቀዳል፣ ሚሞሪው ባዶ ይሁን እንጂ።

ሂሳቡን እንኳ ማንም ታክሲ ነጂ ያውቀዋል። መኪናችሁ ሞተሩ ሲሰራ ባትሪው ላይ ወደ 13.8 ቮልት አካባቢ አለ፣ ሬዲዮው 10 አምፔር ከሳበ ስንት ዋት ነው ይላል አንዱ ጥያቄ፣ 13.8 ሲባዛ በ10፣ 138 ዋት፣ በቃ። ሌላው ደሞ 240 ቮልት በ24 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ስንት አምፔር ያስኬዳል ይላል፣ 240 ስታካፍለው ለ24፣ 10። ሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር፣ ዳሽካም፣ ማሞቂያ ምናምን ደርድሮ ፊውዝ ያቃጠለ ሰው ይሄን ሕግ በደንብ ተምሮታል፣ ስሙን አያውቀውም እንጂ። ሴፍቲው ላይ እንደውም 5 አምፔር ፊውዝ ቦታ 20 አምፔር ብትከት ምን ይመጣል የሚል ጥያቄ አለ፣ መልሱ እሳት ነው፣ ይሄንንማ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ሁሉ ይነግርሃል።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ከኛ ጋር የሚያጠኑ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ፣ እንግሊዝኛው ብዙም አይሆንላቸውም፣ እና ሁላችንም ለሳቸው ሰግተን ነበር። ሰውየው ግን አገር ቤት እያሉ እድሜያቸውን ሙሉ አጭር ሞገድ ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1965 ጀምሮ አለ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደሞ በ1982 ነው የጀመረው፣ በኛ ቤት አባቶቻችን ማታ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በ31 ሜትር ባንድ፣ በ25 ሜትር ባንድ እያሉ ጃሚንጉን፣ ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን ረብሻ፣ እየሸሹ ቁልፉን በፀጉር ልክ ሲያዞሩ ያላየ ማን አለ። ፈተናው ላይ አንድ ቀመር አለ፣ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 300ን በሜጋኸርዝ ታካፍላለህ። እኛ ወጣቶቹ ይሄን ለመያዝ ስንፍጨረጨር ጋሼ ዝም ብለው ወረቀት ላይ 300 ለ9.7 ብለው አካፈሉና ወደ 31 ሲመጣላቸው ቀና ብለው፣ ያ ባንድ ማለት ይሄ ነው እንዴ? አሉ። አዎ ነው። እሳቸው ከዛሬ ሃምሳ ዓመት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ከዛ በኋላማ ማን ይቻላቸው። ቀን ቀን 19 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ማታ ለምን ይጠፋል፣ ማታ ደሞ 49 ላይ ለምን ይደምቃል የሚለውን ከልምድ ያውቁታል፣ የጎደላቸው ምክንያቱ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ነው፣ ፀሐይ ቀን ቀን ታጠነክረዋለች፣ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ሳይቀር አጥፎ ወደ መሬት ይመልሰዋል፣ ማታ ሲሳሳ ከፍ ያለው በስቶት ወደ ሕዋ ይሄዳል፣ ዝቅ ያለው ግን ይመለሳል፣ ቀን የሚውጠው የታችኛው ንብርብርም ስለሚጠፋ ዝቅ ያለው ራቅ ብሎ ይሰማል። ይሄን አንዴ የገባው ሰው ስለ ሞገድ ጉዞ የሚመጡትን ጥያቄዎች መሸምደድ አያስፈልገውም፣ በየትኛውም ቃል ቢጠይቁት ይመልሳል። ወንድማችን ሽምደዳ ሲል ያልታየው ይሄ ነው፣ የኛ ሰው ባዶ ሆኖ አይደለም የሚጀምረው።

አንቴናም እንደዛው። የ2 ሜትር ባንድ የሚባለው ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ያለው ነው፣ ጀማሪ ሁሉ የሚውልበት። ፈተናው ለ146 ሜጋኸርዝ የሚሆን የሩብ ሞገድ አንቴና ስንት ኢንች ነው ይላል፣ መልሱ 19 ነው። ብትሸመድዱት 19 ነው፣ በሳምንቱ ከ112 ጋር ይምታታባችኋል፣ 112 ደሞ የ6 ሜትሩ ባንድ የግማሽ ሞገድ ዳይፖል፣ ሁለት ክንድ ያለው አንቴና፣ መልስ ነው። ብታሰሉት ግን 300 ለ146 ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፣ ሩቡ ሃምሳ አንድ ሴንቲ ገደማ፣ ሽቦ ላይ ሞገዱ ትንሽ ስለሚዘገይ ጥቂት ታሳጥሩታላችሁ፣ አርባ ስምንት አርባ ዘጠኝ ሴንቲ፣ ያ 19 ኢንች ነው። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ለክተው አንድ ክንድ ነዋ አሉ፣ ከዛ በኋላ ከቡድናችን ያንን ጥያቄ የሳተ ሰው የለም። የላውንደሪ ማንጠልጠያ ሽቦ አቃንተን በዛ ልክ ቆርጠን አንድ አንቴና ሰርተናል፣ አራት ሽቦ ከስር እንደ ጃንጥላ አጥፈን፣ መሃሉ ላይ አንድ ቆሞ፣ መስኮቱ ላይ አንጠልጥለነው ከሬዲዮው ጋር ከመጣችው ጎማ አንቴና በብዙ ይሻላል። ባለቤቴ ማንጠልጠያዎቿን እየቆጠረች ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ስድስት ጥያቄ የሚመጣው ከሱ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለኛ ለሐበሾች በቀጥታ የሚመለከቱን ነገሮች ስላሉበት ነው። ብዙ ታክሲና ትራክ የሚነዱ ወንድሞቼ ሃም ሬዲዮ ካወጣን ኤርፖርት ላይ ስራ የት እንዳለ እንነጋገርበታለን ይሉኛል። አይቻልም ጎበዝ። ገንዘብ ለምታገኙበት ስራ ማስኬጃ መጠቀም ክልክል ነው፣ ለሱ ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሬዲዮ አለ። ሙዚቃ መልቀቅም ክልክል ነው፣ እንደ ኤፍ ኤም ጣቢያ ለሕዝብ ማሰራጨትም ክልክል ነው፣ ሚስጥር ለመደበቅ በኮድ ማውራትም ክልክል ነው። እዚህ ጋ ጥያቄ ይነሳል፣ በአማርኛ ማውራትስ? ይቻላል፣ አማርኛ ኮድ አይደለም፣ እንደፈለጋችሁ አውሩ፣ ግን ኮል ሳይናችሁን፣ ከላይሰንሱ ጋር የሚሰጣችሁን የፊደልና የቁጥር መጠሪያ፣ በድምፅ ስትናገሩ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፣ ቢበዛ በየ10 ደቂቃው እና ንግግሩ ሲያልቅ። ይሄ ራሱ የፈተና ጥያቄ ነው፣ እኛ ቡድን ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን የያዘው ጥያቄ እሱ ነው።

ዜግነትም አይጠየቅም፣ እድሜም ገደብ የለውም፣ ያነበበና የመለሰ የስምንት ዓመት ልጅም ያገኛል። ሕጉ በግልጽ የሚከለክለው የውጭ መንግስት ተወካይን ነው፣ ስለዚህ የኤምባሲ ሰዎቻችን ይቅርታ፣ ሻይ ቡናው ላይ ግን ትገኙልናላችሁ።

አሁን የሽምደዳው ጣጣ የት ላይ እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ፈተና ላይ ያልፋል፣ አልክድም፣ ጥያቄው ቃል በቃል ስለሚመጣ ጎበዝ ሸምዳጅ 35 ከ35 ሊያመጣ ይችላል (የመልሶቹ ቅደም ተከተል ስለሚቀያየር ቢ ነው ሲ ነው ብሎ ፊደሉን የያዘ ግን ጉድ ይሆናል)። ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ስንቱ ላይሰንሱን አውጥቶ፣ ባኦፌንግ የምትባል ሃያ ሰላሳ ዶላር የማትሞላ የእጅ ሬዲዮ ገዝቶ፣ ሪፒተሩ ላይ ሄሎ ሄሎ ብሎ ማንም ሳይመልስለት ቀርቶ ሬዲዮውን መሳቢያ ውስጥ ወርውሯል። ለምን አልመለሱም? ስላልሰሙት ነው። ሪፒተር ማለት ተራራ ወይ ትልቅ ሕንጻ ላይ የተሰቀለ ጣቢያ ነው፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማሃል፣ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ያንተኑ ድምፅ መልሶ ከፍ ባለ ጉልበት ይለቀዋል፣ በ2 ሜትር ላይ የሁለቱ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ነው። ብዙዎቹ ደሞ አንድ ዝቅ ያለች ጆሮ የማይሰማት ቶን ካልላክህላቸው በሩን አይከፍቱልህም። ሸምዳጁ 600 ኪሎኸርዝ የሚለውን መልስ ጥቁር አድርጎ አልፏል፣ ሬዲዮው ላይ ግን የት እንደሚሞላ አያውቅም፣ ቶኗንም አላስገባም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ሪፒተሩ ደንቆሮ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ከፈተናው በፊት ሬዲዮ ያዙ ነው። ለመስማት ላይሰንስ አያስፈልግም፣ የመናገሪያዋን ቁልፍ ብቻ አትንኩ፣ ቀልድ አይደለም። ማታ ማታ አብዛኛው ከተማ ውስጥ ኔት የሚሉት ነገር አለ፣ አንድ ሰው እንደ አለቃ ሆኖ ስም ይጠራል፣ ሰው በተራ በተራ ኮል ሳይኑን እየተናገረ ይገባል፣ እድር ላይ ስም ሲጠራ አቤት እንደምትሉት ማለት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት እሱን ያደመጠ ሰው የአነጋገር ስርዓቱን ክፍል ሳያጠና ጨርሶታል። 146.52 የ2 ሜትር መጠሪያ ፍሪኩዌንሲ መሆኑን ከመጽሐፍ ብታነቡት ቁጥር ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ተራራ ላይ የወጣ ሰው እዛ ላይ ሲጣራ ከሰማችሁት ግን አትረሱትም።

አጠናን ላይ ደሞ ልጆቻችሁን ተጠቀሙባቸው። እኛ ጋ ልጆቹ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ትልልቆቹ በአማርኛ ይከራከራሉ፣ መልሱ ሲገኝ መልሰን የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እናነበዋለን፣ ምክንያቱም ፈተናው ላይ የሚመጣው እሱ ነው። አንዲት የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አለች፣ እናቷን ስታስጠና ራሷ ጨርሳው አሁን ለጄኔራል እያጠናች ነው፣ እናትየው ገና ናት፣ ግን ቤታቸው ውስጥ ሌላ ጦርነት እንዳይነሳ ስለዛ ብዙ አላወራም። በስልክ የሚለማመዱበት ነጻ ድረ ገጽ ደሞ ሃምስተዲ የሚባለው ጥሩ ነው፣ የሳታችሁትን እየመለሰ ያመጣባችኋል። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ እሱን ነበር የምነካካው።

ከጓደኛ መጽሐፍ የምትዋሱ ተጠንቀቁ፣ ፑሉ በየአራት ዓመቱ ይቀየራል። በጁላይ 2022 የጀመረው እስከ ጁን 30 2026 ነው የሚያገለግለው፣ ከጁላይ 1 2026 ጀምሮ ሌላ ነው። ሽፋኑ ላይ ዓመቱ ተጽፏል፣ ሳታዩ እንዳትጀምሩ።

ምዝገባው ላይ ወንድማችን ያልጻፋቸው ነገሮች አሉ። ከፈተናው በፊት ኤፍሲሲ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ኤፍአርኤን የሚባል ቁጥር ታወጣላችሁ፣ ነጻ ነው። እዛ ላይ ስማችሁን ስትሞሉ መታወቂያችሁ ላይ ያለውን እንዳለ ሙሉት፣ የኛ ሰው ስም ችግር ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መሃል ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ከዛ ፈተና ቦታ ስትደርሱ ስምህ አይመሳሰልም ይባላል። ሌላው ትልቁ ነገር አድራሻችሁ ነው። ላይሰንሱ ሲወጣ ስማችሁና የፖስታ አድራሻችሁ ለማንም ክፍት በሆነ ዳታቤዝ ላይ ይወጣል፣ ኮል ሳይናችሁን የሰማ ሁሉ ፈልጎ ያየዋል። የቤት አድራሻው እንዲታይበት የማይፈልግ ሰው፣ በኛ ኮሚኒቲ ደሞ በተለያየ ምክንያት ብዙ አለ፣ ፖስታ ሳጥን ቁጥር መስጠት ይችላል፣ ይፈቀዳል። ይሄን ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ብዙም የለም።

ክፍያው ሁለት ቦታ ነው። ለላይሰንሱ ለኤፍሲሲ 35 ዶላር ነው፣ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ፣ ካለፋችሁ በኋላ በኢሜይል ሊንክ ይልኩላችኋል፣ በ10 ቀን ውስጥ መክፈል ነው፣ ኢሜይላችሁ ስፓም ውስጥ እንዳይገባ እዩት። ለፈታኞቹ ደሞ እንደ ቡድኑ ነው፣ አንዳንዱ 15 ዶላር፣ አንዳንዱ ምንም። ፈታኞቹ ራሳቸው ሃሞች ናቸው፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ቢያንስ ሶስት ሆነው ነው የሚፈትኑት፣ ውጤቱን እዛው ይነግሯችኋል። ብዙ ቦታ ቴክኒሺያኑን ካለፋችሁ በዛው ክፍያ ጄኔራሉንም ሞክሩት ይሏችኋል፣ ሞክሩት፣ ምን ይቀርባችኋል። ኮል ሳይናችሁ ዳታቤዙ ላይ የወጣ ደቂቃ መናገር ትችላላችሁ፣ ወረቀት መጠበቅ የለም፣ ይሄም ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ኮል ሳይኑ ውስጥ ቨርጂኒያ ያለን 4 ቁጥር፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ 3 ቁጥር ነው የሚደርሳችሁ። ላይሰንሱ 10 ዓመት ያገለግላል።

ስማርት ፎን እያለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል እንዳለ አውቃለሁ፣ ሚስቴም ብላኛለች። እዚህ አካባቢ የነበራችሁ ጁን 29 2012 ማታ የመጣውን ደሬቾ ታስታውሱታላችሁ፣ ያ ነፋስ መብራቱን ለቀናት አጥፍቶ ብቻ አልቀረም፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 911 ራሱ አልሰራ ብሎ ነበር። ጃንዋሪ 2022 ደሞ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ አይ 95 ላይ በበረዶ ሰው መኪናው ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ታግቶ አድሯል። ከነዛ መሃል ሐበሻ ሹፌር አልነበረም የሚለኝ ካለ እጄን እሰጣለሁ። ሬዲዮ በባትሪ ነው የምትሰራው፣ ከሰው ወደ ሰው ቀጥታ ነው የምትሄደው፣ መሃል ላይ የሚወድቅ ታወር የለባትም። ታምር ትሰራለች አልልም፣ የእጅ ሬዲዮ ያለ ሪፒተር ጥቂት ማይል ነው የምትሄደው፣ ግን ስልኩ ዝም ባለ ሰዓት ጥቂት ማይል ብዙ ነው።

ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ የሚጠይቀኝ አዲስ አበባ ይደርሳል ወይ ብሎ ነው። በእጅ ሬዲዮ በቀጥታ አይደርስም፣ ያ ሞገድ እይታ እስካለ ድረስ ነው የሚሄደው። ግን ቴክኒሺያን ላይሰንስ በ10 ሜትር ባንድ ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ ባለው ላይ እስከ 200 ዋት በድምፅ ይፈቅድላችኋል፣ ፀሐይዋ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ያ ባንድ ሲከፈት ባሕር ይሻገራል። አገር ቤት የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማህበር አለ፣ የክለቡ ጣቢያ አምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው፣ ኮል ሳይኑ ኢቲ3ኤኤ ነው፣ በዓለም ላይ ያሉ ሃሞች እሱን ለማግኘት ሌሊት ሙሉ ይጋፋሉ፣ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጣቢያ ብዙ ስለሌለ። ጋሼ ላይሰንስ የሚፈልጉት ለዛ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ለናንተ ብለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ የአሜሪካው ላይሰንስ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሰራም፣ የአገሩን ፈቃድ ማውጣት የግድ ነው፣ ስለዚህ ያችን ባኦፌንግ ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ ቦሌ ላይ ከጉምሩክ ጋር እንዳትጨቃጨቁ።

እንግዲህ ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። አስሩን የፈተና ክፍሎች በአማርኛ ባጭር ባጭሩ የሚያብራራ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፣ እያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፣ ጥያቄዎቹን አልተረጎምኳቸውም፣ ሐሳባቸውን ብቻ ነው ያስረዳሁት። በየእትሙ አንድ አንድ ብታወጡልኝ ገንዘብ አልፈልግም። አዳራሽ ያላችሁ ቤተክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና የእድር ማህበራት ደሞ ሰው ከተሰበሰበ ፈታኞቹ መጥተው እዛው ይፈትናሉ፣ እኛ የምናውቃቸው ቡድን ፈቃደኛ ነው፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና እርሳስ ነው የሚጠይቁት። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ለወንድማችንም፣ የጻፍከውን ተቃወምኩ እንጂ አልተቀየምኩህም፣ ቅዳሜ ማታ ብቅ በል፣ ስልኬን ዝግጅት ክፍሉ ይሰጥሃል።

አክባሪያችሁ
ታክሲ ነጂው አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ